ለየትኛው ቤት የትኛው ውሻ ይስማማል?

ውሻን የማያውቅ ሰው የለም፤ ውሻን መርምሮ የሚመርጥ ሰው ግን ጥቂት ነው። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ጀርባውን ይዳስሳል፤ አራምዶም እግሩን ይመለከታል። ላም የሚገዛም የእናቲቱን ወተት ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይከፍልም። ወደ ውሻ በመጣ ጊዜ ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ጎረቤት የሰጠውን ቡችላ ሳይመረምር ይቀበላል፤ ወይም በመንገድ ዳር በካርቶን ውስጥ ያየውን፥ ጠጉሩ ያማረውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ሆኖም ያ ቡችላ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ከልጆቹ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር፥ ጥርስ ያለው ፍጡር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው በሶዶ ከተማና በወላይታ ወረዳዎች የሚኖር ቤተ ሰብ ለኑሮው የሚስማማውን ውሻ በምን መለኪያ ሊመርጥ እንደሚገባው ነው። መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ዘር ያምራል?» ወይም «የትኛው ዘር ያስፈራል?» የሚለው አይደለም። መጀመሪያ የሚመረመረው ቤቱ ነው። ቤቱ ለውሻው ምን ሥራ አለው? ስንት ሰው ይገባበታል፥ ይወጣበታል? ምን ያበላዋል? በየዓመቱስ ያስከትበዋልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ውሻ መምረጥ አይቸግረውም፤ መልስ የሌለው ሰው ግን የትኛውንም ዘር ቢያመጣ ለራሱም ለጎረቤቱም ጣጣ ያመጣል።

ከመካከላችን «ሰው ጠግቦ ሳያድር ስለ ውሻ ዘር መጻፍ የባለጸጋ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። አሳቡ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን በአገራችን ውሻ ያለው ባለጸጋው ብቻ አይደለም። ዘበኛ ለመቅጠር አቅም የሌለው ገበሬ ዘበኛው ውሻው ነው፤ ውሻ ባበደ ጊዜም ለመነከስ የሚቀርበው በእግሩ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው የድኻ ልጅ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የጌጥ ሳይሆን የሕይወት ነገር ነው።

1. ዘር ማለት ምን ማለት ነው?

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ውሻ የተገኘው ከተኵላ ሲሆን፥ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14,000 ዓመት ሆኖታል። በጀርመን አገር በቦን ከተማ፥ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ የተገኘው፥ ውሻ ከሰው ጋር የተቀበረበት መቃብር ይህን ያህል ዕድሜ አለው። ዛሬ በስም የምናውቃቸው ዘሮች ግን አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ ሥራ ናቸው። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ የታወቀው የውሻ ትርኢት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። የዘር መዝገብ የሚይዘው የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር የተቋቋመው በ1873 ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለው ጀርመናዊ መኮንን የጀርመን ሼፐርድን ማኅበር የመሠረተው ደግሞ በ1899 ነው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ማኅበር የታወቁት ዘሮች 350 ያህል ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ዘሮች እያንዳንዳቸው ለአንድ ዓይነት ቤትና ለአንድ ዓይነት ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። ጀርመን ሼፐርድ ስሙ እንደሚያስረዳው የበግ ጠባቂ ነበረ። ሮትዋይለር ስሙን ባገኘበት በሮትቫይል ከተማ ከብት ይነዳ፥ የሥጋ ነጋዴዎችንም ጋሪ ይስብ ነበር። ካርል ፍሪድሪክ ሉዊስ ዶበርማን ግብር ሰብሳቢ ነበረና፥ በስሙ የሚጠራውን ውሻ ያረባው ኀይለኛ ጠባቂ እንዲሆን ብሎ ነው። ሴንት በርናርድ በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የጠፋ መንገደኛ ይፈልግ ነበር። እንግዲህ ያንን ሁሉ ጠጉር የለበሰ ሴንት በርናርድ በሁምቦ ቆላ ሲያለከልክ ቢታይ፥ ጥፋቱ የመራጩ እንጂ የውሻው አይደለም።

የአገራችን ውሻስ? በወላይትኛ «ካና» የሚባለው፥ በአማርኛም ብዙ ጊዜ በንቀት «የሐበሻ ውሻ» የምንለው ውሻ በመዝገብ የተጻፈ ዘር የለውም። ይህ ማለት ግን የማይረባ ነው ማለት አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት ውሾች የሚበዙት እንደርሱ ያሉ፥ ማኅበር ሳይሆን አገሩ ራሱ የመረጣቸው ናቸው። ሙቀቱን ያልቻለው፥ በጥቂት ምግብ መኖር ያቃተው፥ ትሉንና መዥገሩን ያልተቋቋመው በቡችላነቱ ሞቷል፤ የቀረው ወልዷል። ጠጉሩ አጭር፥ አካሉ መካከለኛ፥ ጆሮው ንቁ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህም ሌላ የዘር ስም ስለ ጠባይ የሚነግረን ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ስለ 18,000 ያህል ውሾች ጠባይ ባለቤቶቻቸውን ጠየቀ፤ ከ2,000 በላይ የሆኑትንም የዘር ውርስ መረመረ። ውጤቱም ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው የሚታየውን የጠባይ ልዩነት የዘር ስም የሚገልጸው ከመቶ 9 ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ «ዘሩ ጥሩ ነውና ልጅ አይነክስም» ማለትም ሆነ «ዘሩ ክፉ ነውና ሁሉ ይናከሳል» ማለት የተሟላ ዕውቀት አይደለም። ዘር ስለ አካሉ መጠን፥ ስለ ጠጉሩና ስለ ምግቡ ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ጠባዩ ግን አብልጠው የሚነግሩን እናቱ፥ አስተዳደጉና አያያዙ ናቸው።

2. የምግቡ ሒሳብ

አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ። ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ምግብ በአካሉ ክብደት ሊሰላ ይችላል። በእንስሳት ሐኪሞች ስሌት 15 ኪሎ የሚመዝን የአገር ውሻ በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይበቃዋል። 35 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሼፐርድ 1,600 ያህል ይፈልጋል። 50 ኪሎ የሚደርሰው ሮትዋይለር ደግሞ 2,100 ያህል ያስፈልገዋል። አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሮትዋይለር ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው አንድ ሙሉ ሰው በማዕዱ ላይ ጨምሯል ማለት ነው።

ወላይታ ሕዝቡ እጅግ ከበዛባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው፤ የብዙ ገበሬ ቤተ ሰብ መሬት ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ስኳር ድንቹና በቆሎው ባለቀበት፥ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወራት ቤቱ በእንሰቱ ብቻ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በእንደዚህ ያለ ቤት ትልቅ ውሻ ማምጣት ከልጅ አፍ መንጠቅ ነው፤ ካልተነጠቀም ውሻው ይራባል። የተራበ ትልቅ ውሻ ደግሞ ግቢ አይጠብቅም። አጥር ይዘላል፤ ቆሻሻ ይበረብራል፤ የጎረቤት ዶሮ ይበላል፤ ባለቤት ከሌላቸው ውሾች ጋርም ሌሊቱን ይዞራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ካልበላበት አይጮኽበትም።

የአገሩ ውሻም ቢሆን በነፋስ አይኖርም። የበቆሎ ገንፎ፥ ፍርፋሪ እንጀራና ቆጮ ሆድ ይሞላሉ፤ ነገር ግን የሥጋ ትራፊ፥ ዕንቍላል ወይም የባቄላና የአተር ቅቅል ሲጨመርበት ነው አካሉ የሚጠና። ቀይ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን ለውሻ አይሰጥም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳልና። ንጹሕ ውሃም ቀኑን ሙሉ ሊቀመጥለት ይገባል።

3. አራት ዓይነት ቤት

ቤቶችን ሁሉ መቍጠር ባይቻልም፥ በወላይታ የሚታየውን ኑሮ በአራት ከፍለን እንመልከት።

ሀ) የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ ቤት። በቦዲቲ፥ በአረካና በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ቤቶቹ የተቀራረቡ ናቸው። በቤቱ ዙሪያ እንሰት አለ፤ በደጁም መንገደኛ ያልፋል፤ ተማሪ ይመላለሳል፤ ጎረቤት ለቡና ይጠራራል። ከብቱም በብዙ ቤት ሌሊቱን ከጣራ ሥር ያድራል። እዚህ የሚያስፈልገው የሚነክስ ውሻ ሳይሆን የሚያስጠነቅቅ ውሻ ነው፤ ጅብ ሲቀርብ፥ ጃርት ወደ እንሰቱ ሲገባ፥ ሌባ ሲያንዣብብ ድምፁን አሰምቶ ባለቤቱን የሚቀሰቅስ። ለዚህ ሥራ አንድ መካከለኛ የአገር ውሻ ይበቃል። ሰው በሚበዛበት በእንዲህ ያለ ደጅ በኀይለኝነቱ የተመሰገነ ትልቅ ውሻ ማቆም ሰላምን ማወክ ነው።

ለ) የቆላ ገበሬ ቤት። በሁምቦ፥ በዱጉና ፋንጎና በኪንዶ ኮይሻ ቆላዎች፥ ወደ ብላቴና ወደ ኦሞ ወንዞች በሚያዘነብለው አገር፥ ኑሮው ሌላ ነው። ማሳው ከቤት ይርቃል፤ ዝንጀሮና ጦጣ ቀን፥ ከርከሮና ጃርት ሌሊት በቆሎውን ያጠፋሉ። በሁምቦ ተራቍቶ የነበረው 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት እንደ ገና ደን እንዲለብስ መደረጉ ለአገር ትልቅ ጥቅም ነው፤ ደን በተመለሰበት ግን የዱር እንስሳም ይመለሳል፤ የማሳው ጥበቃም የዚያኑ ያህል ይጠነክራል። «ውሻ ምን አገባት እርሻ» የሚለው ተረት ለቆላ ገበሬ አይሠራም፤ የእርሱ ውሻ በእርሻው በእርግጥ ያገባዋል። ለዚህ ቤት ሁለት ወይም ሦስት የአገር ውሾች፥ አብረው ያደጉ፥ እግረ ፈጣኖችና አጭር ጠጉር ያላቸው ይስማማሉ። አንድ ውሻ ብቻውን ዝንጀሮ ላይ ቢላክ ተቦጭቆ ይመለሳል። ወደ ኦሞ ሸለቆ ደግሞ ገንዲን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ አለ፤ ገንዲ ከብትን ብቻ ሳይሆን ውሻንም ይይዛል፥ ይገድላልም። ከውጭ አገር ዘር የመጣ ውሻ ወደዚያ ቆላ መውሰድ ገንዘብን ወደ ወንዝ እንደ መጣል ይቈጠራል።

ሐ) የሶዶ ከተማ ግቢ። ሱቅ ያለው፥ አጥሩ በቆርቆሮ ወይም በግንብ የተሠራ፥ ሌሊት ንብረት የሚጠበቅበት ቤት ትልቅ ውሻ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ጀርመን ሼፐርድ ወይም የእርሱ ዲቃላ ከተማረ፥ ከበላና ከተንቀሳቀሰ የሶዶን አየር ይችለዋል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች አስቀድመው ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፥ ይህ ዘር አእምሮው ሥራ የሚሻ ነው፤ ቀኑን ሁሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ጀርመን ሼፐርድ ጠባቂ ሳይሆን በሽተኛ ይሆናል፤ የፈታው ቀን ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም። ሁለተኛ፥ በዚህ ዘር የዳሌ አጥንት በሽታ ስለሚበዛ የወላጆቹን አረማመድ ሳያዩ መግዛት ስሕተት ነው። ሦስተኛ፥ በግቢው ውስጥ ተከራዮች ካሉ፥ ውሻው እነርሱንም ልጆቻቸውንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሊለምድ ይገባል። ውሻው ስለሚያስፈራ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ለመሄድ የሚሳቀቅ ተከራይ ያለበት ግቢ ተጠብቋል አይባልም።

በከተማ ለጨዋታ ብቻ ትንሽ ውሻ በቤት ውስጥ የሚያሳድጉም አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሉሉ የተባለ ትንሽ የቺዋዋ ውሻ ይከተላቸው እንደ ነበረ ብዙ ሰው ያውቃል። በቤተ መንግሥት ምንጣፍ ላይ ለሚኖር ውሻ ቺዋዋ ይስማማል፤ ጅብ በሚያልፍበት ደጅ ለሚያድር ውሻ ግን አይስማማም። ነገሩ አሁንም ያው ነው፦ ቤቱ ዘሩን ይመርጣል እንጂ ዘሩ ቤቱን አይመርጥም።

መ) የተማሪና የተከራይ ክፍል። ይህ እኛን የሚመለከት ነው። ክፍል ተከራይቶ የሚማር ወይም አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት ብቸኝነቱን ለማስረሳት ቡችላ ያሳድጋል። መስከረም ላይ ያመጣው ቡችላ ሐምሌ ላይ ውሻ ሆኗል፤ ባለቤቱ ግን ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄዷል። ሰው የለመደ፥ ያልተከተበ፥ ራሱን መመገብ የማያውቅ ውሻ ወደ መንገድ ይወጣል። የመንገድ ውሾች ከሰማይ አልወረዱም፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ ርኅራኄ የተጀመሩ ናቸው። ስለዚህ ለዚህ ቤት የሚስማማው ዘር የትኛው ነው? ቢባል፥ መልሱ «ምንም» ነው። ውሻ የሚወድ ተማሪ የአከራዩን ውሻ ያብላ፥ ይንከባከብ፤ ወደ ክትባትም ይውሰደው። ይህም ውሻ መውደድ ነው።

4. ቡችላውን መምረጥ

ቤቱ ታውቆ ዓይነቱ ከተወሰነ በኋላ ቡችላው ይመረጣል። መጀመሪያ የምትታየው እናቱ ናት። እንግዳ ሲመጣ ጮኻ ባለቤቷ ሲናገራት ዝም የምትል እናት መልካም ናት፤ ከፍርሃት የተነሣ የምትነክስ ወይም ሰው ሲያያት የምትሸሽ እናት ግን ይህንኑ ጠባይ ለልጆቿ ልታወርስና ልታስተምር ትችላለች።

ውሻ የሚያረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። ቡችላው ከእናቱ የሚለየው 8 ሳምንት ሲሞላው እንጂ ከዚያ በፊት መሆን የለበትም። በዐይኑ ጭላንጭል ገና የሚሄደውን ቡችላ «እንዲለምደኝ» ብሎ መውሰድ ጉዳት ነው፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው ንክሻውን ማላላት የሚማረው። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ደግሞ ዓለምን የሚለምድበት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሕፃናትን፥ ሽማግሌዎችን፥ ከብትን፥ የባጃጅን ድምፅና ዣንጥላ የያዘን ሰው በሰላም ያየ ቡችላ ሲያድግ በከንቱ አይደነግጥም፤ ከንክሻም ብዙው የሚመጣው ከድንጋጤ ነው። ሕፃናት በድንጋይ እየመቱ ያሳደጉት ውሻ ግን ሕፃናትን ቢጠላ አያስደንቅም።

ከቡችሎቹ መካከል ወደ ሰው የሚቀርበው፥ በእጅ ቢያዝ ጥቂት ታግሎ የሚረጋው፥ ዐይኑና አፍንጫው ንጹሕ የሆነው ይመረጣል። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚታይ ከሆነ ትል እንዳለበት ምልክት ነው፤ መድኃኒት ያሻዋል።

ስለ ፆታም አንድ ነገር እንናገር። በአገራችን ብዙ ሰው ወንዱን ይመርጣል፤ ሴቷ ቡችላ ግን «ትወልድብናለች» ተብላ በየመንገዱ ትጣላለች። የተጣለችው አትጠፋም፤ በሕይወት ከቆየች በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ የምትወልዳቸውም ባለቤት የላቸውም። ሴት ውሻ በጥበቃም ሆነ በታማኝነት ከወንዱ አታንስም። በእንስሳት ሐኪም ከመከነች ችግሩ ይወገዳል። እንግዲህ ሴት ቡችላ የሚጥል ሰው የሚሸሸው መውለዷን ከሆነ፥ መጣሉ መውለዷን አያስቀርም፤ ከዐይኑ ያርቃል እንጂ።

5. ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል

ውሻ በትክክል ተመርጦ በትክክል ካልተያዘ ምርጫው ከንቱ ነው። ውሻ በቀደደው አጥር ጅብ እንደሚገባ ሁሉ፥ በአንድ ቤት ቸልታ በኩል በሽታ ወደ መንደሩ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የበሽታው ምክንያት በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፥ ወደ ሰው ከሚደርሰው ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከተበ፤ ልጁም ዳነ። ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬም በዚህ በሽታ ሰው መሞቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ ወደ መንደር ያለመድረሱ ውጤት ነው።

ስለዚህ ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ይህ ማለት የአንድ ሰው ውሻ መከተብ የግል ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

ሰው በተነከሰ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። ቍስሉ ወዲያውኑ በሚፈስስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፤ የታዘዘው ክትባትም እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። ቍስሉ ከባድ ከሆነ ከክትባቱ ጋር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒትም አለ። ውሻው ጤናማ ከመሰለና ሊያዝ ከቻለ አይገደልም፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ለመታየት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚፈጅ፥ የተነከሰው ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ ይዘናጋል፤ ወይም የሥር መድኃኒት ጠጥቶ ይቀመጣል። በእነዚያ ዝምተኛ ሳምንታት ውስጥ ነው ሕይወት የሚጠፋው። እምነት ያለው ሰው ጸሎቱን አይተው፤ ነገር ግን ከጸሎቱ በፊት ሳሙናው፥ ከጸሎቱም ጋር ክትባቱ ይኑር።

ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። ከወላይታ በስተ ምሥራቅ፥ በባሌ ተራሮች፥ በዓለም ላይ 500 ያህል ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች የሚበዙት ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብደት በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ባለቤቶቻቸው ያላስከተቧቸው ውሾች በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን እንስሳ ወደ ጥፋት አፋፍ አደረሱት።

ሁለተኛው አደጋ በበዓል ይመጣል። በመስከረም፥ በጊፋታ፥ የወላይታ ቤተ ሰብ ሁሉ ዓመቱን ባጠራቀመው ገንዘብ በሬ ተካፍሎ ያርዳል። ሥጋው ሲከፋፈል የውሃ ቋጠሮ ያለበት ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽ ትል እንቡጥ አለ። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ዕንቍላሉም በዐይነ ምድሩ ይወጣል። ከሣሩ ጋር ከብት፥ ካልታጠበ እጅና ጐመን ጋር ደግሞ ሕፃን ይውጠዋል፤ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥም ያው ቋጠሮ ይበቅላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ቋጠሮ ያለበት ሥጋ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻ የሚሰጠው ይቀቀል፤ ውሻውም በየጊዜው የትል መድኃኒት ይውሰድ።

በመጨረሻም ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 እንደሚደነግገው፥ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ ከኀላፊነቱ አይድንም። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» የሚለው ምክንያት እንግዲህ በሽምግልና ይቅርታ ያስገኝ እንደ ሆነ እንጂ በሕግ ፊት ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። ኀይለኛ ውሻ የሚመርጥ ሰው ኀላፊነትንም አብሮ መርጧል።

6. ማጠቃለያ

ውሻ ሊያመጣ ያሰበ ቤተ ሰብ ተቀምጦ አምስት ጥያቄዎች ይጠይቅ።

1ኛ/ ውሻው የሚሠራልን ሥራ ምንድን ነው? ማስጠንቀቅ፥ ማሳ መጠበቅ ወይስ ንብረት መጠበቅ?
2ኛ/ በደጃችን በየቀኑ ማን ያልፋል? ሕፃን፥ ተከራይ፥ ጎረቤት?
3ኛ/ በክፉው ወር ምን እናበላዋለን?
4ኛ/ የእንስሳት ሐኪም የት ነው? በየዓመቱስ ወደዚያ የሚወስደው ከመካከላችን ማን ነው?
5ኛ/ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚህ ቤት እንኖራለን?

ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኙ፥ የአንደኛው መልስ ምንም ያህል ቢያምር ውሻው አይምጣ። መልስ ካገኙ ግን ለብዙው የወላይታ ቤት የሚስማማው ውሻ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር በውድ ዋጋ የሚሸጠው ሳይሆን፥ ከጎረቤት ያለ ዋጋ የሚገኘው ካና መሆኑ ይታያል። ለእርሱ ሊወጣ የነበረው የመግዣ ገንዘብ ለክትባቱና ለምግቡ ይዋል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን፤ ሕግ የሚማሩ፥ ጤና የሚማሩም አሉን። ሁላችንም በዕረፍት ጊዜ ወደ መንደራችን እንመለሳለን። የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከውሻ በሚመጣ እብደት የሚሞት ሰው እንዳይኖር ለማድረግ አሳብ ይዘዋል፤ ያ ዓመት ቅርብ ነው። በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን በመንደራችን የሦስት ቤት ውሾች መከተባቸውን ብንጠይቅ፥ ያልተከተበውንም ከባለቤቱ ጋር ሆነን ወደ ክትባቱ ብንወስድ፥ የአንድ ልጅ ሕይወት ሊተርፍ ይችላል። የማን ልጅ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ልጁም አያውቅም። ሥራው ግን ተሠርቷል።